መብራት የጠፋበት ልጅ ከዳተኛ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ አንድ ሰው በላይቭ እያየኝ፣ የማላውቀውን ልጅ ሰደብኩት። አራት ሆነን የምንጫወተው ጌም ነው፤ ሦስቱን የመረጠልኝ ማሽኑ ነው። ልጁ ሜዳ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። አይተኩስ፣ አይሸሽ። "ኧረ ይሄ አጋሰስ ተኝቷል!" አልኩ። ተመልካቹ ሳቀ፣ ልብ ዘነበልኝ፣ እኔም ሞቅ ብሎኝ ጨመርኩበት።

በማግስቱ ጻፈልኝ። "ወንድሜ፣ ደጀን ነኝ። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው። ስትሰድበኝ በጓደኛዬ ስልክ እያየሁህ ነበር።"

እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ በመሃላችን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። ያን ሌሊት እኔም ቤት መብራት አልነበረም። ልዩነታችን እኔ ፓወር ባንክና ዳታ ነበረኝ፣ እሱ አልነበረውም። በቃ ይኸው ነው። ማሽኑ ግን ለዚህ ልዩነት ስም አውጥቶለታል፤ "ጥሎ ወጣ" ይለዋል። ነጥቡን ይቀንሰዋል። ሲደጋገምበት ደግሞ ሆን ብለው ጨዋታ ከሚያበላሹት ጋር አንድ ጋጣ ያስገባዋል። በብዙ ጌሞች የተለመደ አሠራር ነው፤ ዶታ 2 ላይ ጥለው ለሚወጡት ራሱን የቻለ የቅጣት ወረፋ አለ። ቅጣቱን አልቃወምም፤ ሲሸነፍ ተናዶ የሚወጣ ሞልቷል። የምቃወመው ንዴትና የመብራት መጥፋት በአንድ ሚዛን መመዘናቸውን ነው።

ታዲያ ይህን ሳነሳ "አቦ አትነጫነጭ፣ ችሎታህን አሻሽል" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ችሎታ እናውራ። የእነዚህ ደረጃዎች ዘር የሚመዘዘው ከቼስ ነው። አርፓድ ኤሎ የተባለ በሃንጋሪ የተወለደ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር የቀመረውን ስሌት የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ቼስ ግን አንድ ለአንድ ነው፤ ብትሸነፍ የተሸነፍከው አንተ ነህ። አራት ሰው አንድ ላይ ሲሸነፍ የማን ጥፋት እንደሆነ በውጤቱ ብቻ ማወቅ ይከብዳል። ደግሞም ማሽኑ ሁለት ጌታ አለው፦ እኩያ እንዲያገናኝ ይፈለጋል፣ ቶሎ እንዲያገናኝም ይፈለጋል። በእኛ ሰዓት፣ በእኛ አካባቢ ተጫዋች ሲሳሳ እኩያ ፍለጋውን ይተውና ያገኘውን ይለቃቅማል።

ርቀቱስ? ከደብረ ማርቆስ ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ምንም ቢቀና ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ገመዱ ደግሞ በጅቡቲ፣ በቀይ ባሕር እየዞረ ነው የሚሄደው። የእኔ ፒንግ ከ180 ሲወርድ በዓል ነው። "አፍሪካም ሰርቨር አለ" ይሉናል። ኬፕታውን ማለታቸው ነው፤ ካርታ ዘርግታችሁ ለኩት፣ ከፍራንክፈርት የሚቀርበን እንዳይመስላችሁ። ናይሮቢ ግን 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

"በአገሩ ስንት መከራ እያለ የጌም ነገር!" ለሚሉኝ፦ መከራው እኮ ጌሙ ውስጥም ገብቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ረዥም ወራት ጠፍቶ ቆየ። ስንመለስ ደረጃችን ከየወቅቱ ጋር እየተንሸራተተ ታች ወርዶ፣ ከጀማሪዎች ጋር ተደባልቀን አገኘነው። የዋሃኑን ስናረግፋቸው "አጭበርባሪ" ተባልን። መጀመሪያ ከአቅማችን በላይ፣ ቀጥሎ ከአቅማችን በታች። መሃሉን አንድ ቀን እንኳ አላየነውም።

ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ቡድን ስንከፍል እንዴት ነበር? ሁለት አለቃ ይወጣል። ሌሎቻችን ከእኩያችን ጋር እንጣመራለን፤ ፈጣን ከፈጣን፣ ድንብርብሩ ከድንብርብሩ። ራቅ ብለን በሹክሹክታ ስም እናወጣለን፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር። ተቃቅፈን መጥተን "አንበሳና ነብር፣ ማንን ትመርጣለህ?" እንላለን። አለቃው የቱ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ማዳላት አይችልም። እግሩን ያመመው ካለ ደግሞ "ዛሬ አሞታል" የሚል ሰው አይጠፋም። ያቺ አንዲት ቃል ናት በማሽኑ የሌለችው። ኔትዎርኩ የተቆረጠና እጁን አጣጥፎ የቆመ ተጫዋች በሰርቨሩ በኩል እኮ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው ስልክ ምላሽ መስጠቱን ያቆማል፣ ሌላኛው ይልካል። የተቆረጠውን ሁሉ ይማሩ አላልኩም፤ ሆን ብሎ ገመድ የሚነቅልም አለ። ግን ለመመለስ ጥቂት ደቂቃ መስጠት፣ አካባቢው በሙሉ ሲጠፋ ማየት፣ "ረዘም አድርጌ ልጠብቅና እኩያዬን ስጠኝ" የሚል ምርጫ ማኖር ምን ይከብዳል? ለአዲስ ልብስ ሽያጭ ሲሆንማ ከየት አገር እንደገባን አሳምረው ያውቃሉ!

እኔም አልጸዳሁም። ያን ስድብ የሰደብኩት ማሽኑ አዞኝ አይደለም፤ ስድብ ተመልካች ስለሚያመጣ ነው። ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቼ ወደ አሥራ ዘጠኝ ወርዷል።

የደጀኑ ልጅ ዛሬ ሌሊት ከእኔ ጋር ይገባል፤ ሌላ አንድ ጓደኛም ጨምረናል። ማሽኑ የሚመርጥልን አራተኛውን ብቻ ነው። መብራት ከሄደ በስልክ ይደውልልኛል፣ እኔም በላይቭ "ደጀን መብራት ሄዷል" እላለሁ።