ስለ ዕቃ ማጠቢያ መኪና ውሃ አለመሞቅ

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን በአንዳንድ ቤቶች የዕቃ ማጠቢያ መኪና ገብቷል። ይሁን እንጂ መኪናው ሳህኑን ቅባት እንደ ለበሰ በመለሰው ጊዜ፥ ወቀሳው ፈጥኖ የሚወርደው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው፤ ሳሙና አሳነሰች፥ ዕቃውን አጣብባ ደረደረች ትባላለች። እኛ ግን ከፍርድ በፊት የውሃው ሙቀት ይመርመር እንላለን። የወጥ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል እንጂ አይለቅም፤ ይህንንም ማናቸዋም ባለሙያ ሴት ያለ መምህር ታውቀዋለች።

ለምርመራው የ60 ዲግሪውን እጥበት መርጦ ማስነሣት፥ ዋናው እጥበት ሊያልቅ ሲቃረብም መኪናውን አቁሞ በሩን በጥንቃቄ ገርበብ ማድረግ ነው። እንፋሎት ካልወጣ፥ በወጥ ቤት ቴርሞሜትር ሲለካም ውሃው ከቧንቧ እንደ መጣ ከሆነ፥ አልሞቀም ማለት ነው። ሳይሟሟ የቀረ የሳሙና ዱቄትም ይህንኑ ያመለክታል።

ታዲያ ወዲያው «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» ማለት አይገባም። በብዙ መኪናዎች የውሃው ግፊት ሲደክም ማሞቂያው እንዳይቃጠል ራሱ አይበራም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከታች ያለው ማጥለያ ወጥቶ ይታጠብ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የመብራቱን ኃይል መመልከት ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ 180 ቮልት ብቻ ሲደርሰው፥ ከሙቀት ኃይሉ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ለማሞቅ የሚፈጀውም ጊዜ በእኩሌታ ይረዝማል። (የፊዚክስ መምህራን ይህን ስሌት ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ እንወዳለን።) ማታ የማያሞቅ መኪና ረፋድ ላይ ካሞቀ፥ ጥፋቱ ከመኪናው ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፥ ባለቤቱ ከዚህ አይለፍ፤ ሶኬቱን ነቅሎ ኤሌክትሪሲያን ይጥራ። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ በቴስተር ሲለካ 24 ኦም ገደማ ያሳያል፤ የተበጠሰ እንደሆነ ግን ቴስተሩ ምንም አያነብም። ሬዚስታንሱ ደኅና ከሆነ ሙቀት ጠቋሚውና ሽቦው ይፈተሻሉ። ሳይለካ «ይለወጥ» የሚለውን ባለሙያ እኛ አናምነውም።

ጥፋቱ የመኪናው ሆኖ ከተገኘ፥ በዚህ ሰበብ ከሠራተኛዋ ደመወዝ የተቆረጠ ቢኖር ይመለስላት። መኪናው እስኪጠገን ድረስም ዕቃው እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፥ በንጹሕ ውሃ ተለቃልቆ፥ በጨርቅ ሳይወለወል በመደርደሪያ ላይ ይድረቅ። የሕፃናት ጡጦ ግን ከታጠበ በኋላ ለብቻው ይቀቀል።