አፍ የዘጋች ቃል

«ጋሼ፣ ይቺ ቃል አፌን ዘጋችብኝ።»

ወጣቱ ድምፃዊ እንዲህ ያለኝ ዜማው ከፍ ብሎ ሊንሳፈፍ ሲል ነው። ስንኙን የደፋሁት «ልብ» ብዬ ነበር። ወረቀት ላይ ቤት መትቷል፣ ቀለሙም ልክ ነው። ሲዘፈን ግን ከንፈሩ ተገጠመና ድምፁ እዚያው ቀረ። «ልቤ» ብሎ ደገመው። ክፍሉ ሞላ።

የግጥም መድበል ያሳተምኩ ሰው ነኝና ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ። የዘፈን ግጥም የእረፍት ቀን ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብዙ ጊዜ ዜማው ቀድሞ «ላ ላ ላ» እየተባለ በስልክ ተቀድቶ ይመጣል። የወል ቤት ይሁን ሰንጎ መገን ብሎ ማማረጥ የለም፤ ልኩን ዜማው ቆርጦታል። በሳድስ ያለቀ ቃል እንደልብ አይጎተትም። መጥበቅና መላላቱ ደግሞ አለ። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ዜማው ያለቦታው ካጠበቀው «ገና ነኝ» ያለችው ልጅ በዓል ሆና ታርፋለች።

«ይሄ ዘፈን እኮ ግጥሙ ሲነበብ ባዶ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ማን አንብቡት አላቸው? ሰነፍ ግጥም መሙላቱን አልክድም፤ ግን እሱም ቢሆን ተዘፍኖ ይፈረድበት።

የሚቆጨኝ የገጣሚው ስም ነገር ነው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የወረወረውን እንግዳ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። በካሴት ዘመንም ሽፋኑ ላይ «ግጥም» የምትል ደቃቅ መስመር ነበረች፤ ይልማ ገብረአብንና ዓለምፀሐይ ወዳጆን ያወቅኋቸው በእሷ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ ገጣሚውን አልረሳውም፤ የሥራው ጥቅም በሕይወት ሳለ የራሱ፣ ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ዘፈን በዘፈን ላይ ሲጋብዘን አረፈደ፤ የአንድም ገጣሚ ስም ከአፉ አልወጣም። የሳሙና ማስታወቂያውን ሦስቴ ሰማሁት።

ልጁ ነጠላ ዜማውን ሊለቅ ነው። ትናንት ደውሎ «ጋሼ፣ ስምዎን የት ላድርገው?» አለኝ።

«ሽፋኑ ላይ ነዋ!»

«ሽፋን እኮ የለውም።»