«ዲዩቲ» ግዴታ ብቻ ነውን?

«ዲዩቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን ብዙው ሳያወላውል «ግዴታ» ይላል። አልተሳሳተም። ነገር ግን ይህችን አንዲት ፍቺ ብቻ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ልጆቹን ያሳስታል ባይ ነኝ።

ለምሳሌ ያህል፣ ነርሷ «ዛሬ ማታ ዲዩቲ ነኝ» ስትል ተረኛ ነኝ ማለቷ ነው። በአውሮፕላን ጣቢያ ያለውን «ዲዩቲ ፍሪ» ሱቅ «ከግዴታ ነፃ» ብንለው ያስቅብናል፤ ከቀረጥ ነፃ ማለት ነውና። «ሄቪ ዲዩቲ» የተባለ መኪናም ከባድ ሥራ የሚችል እንጂ ከባድ ግዴታ የተጣለበት አይደለም። ደግሞም ግብር ሁሉ ዲዩቲ አይባልም። እዚሁ ወረታ ደረቅ ወደብ ለሚደርስ የውጭ ዕቃ የሚከፈለው የጉምሩክ ቀረጥ ዲዩቲ ነው፤ የቴምብር ቀረጥም እንዲሁ። ከመምህር ደመወዝ የሚቆረጠው ግን «ታክስ» ነው። ስለዚህ ቃሉን በዝርዝር ከማሸምደድ በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ማስተማር ይበጃል።

ታዲያ አንድ ቃል ግዴታንም ቀረጥንም እንዴት ያዘ? ምንጩ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን «ሊከፈል የሚገባ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ኧረ ምን ሩቅ አስኬደን! የኛው «ግብር» ከግዕዙ «ገብረ»፣ ማለትም «ሠራ፣ አደረገ» ከሚለው ይወጣል፤ ተግባርም፣ ምግባርም፣ ግብርናም ዘመዶቹ ናቸው። መክፈልና መሥራት በቋንቋችን የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቅርንጫፎቹ ሲለያዩ ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ቢታወጅ፣ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሰጋና አመፀ። ያላመኑበት ግብር ሸክም ነው፤ ያመኑበት ግን ተግባር ይሆናል።

የመምህርም ዲዩቲ ከዚህ አይለይም። ስሙ በተረኞች ሰሌዳ ላይ ስለወጣ ብቻ ፈርሞ ጥላ ሥር የሚቀመጥ መምህር ግብሩን ገበረ እንጂ ተግባሩን አልፈጸመም። ጠመኔውም ደመወዙም ሩዝ አጭዶ፣ ሸጦ፣ ግብር ከሚከፍለው ከፎገራ ገበሬ ላብ ጭምር የሚወጣ መሆኑን መርሳት አይገባም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁበት ዓመት፣ መስከረም ላይ ውሃው እስኪሸሽ ድረስ ከትምህርቱ ወደ ኋላ የሚቀር የዚህ ገበሬ ልጅ አለ። ይህን ልጅ ጠብቆ ያመለጠውን ማስጠናት በየትኛውም የተረኛ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ዲዩቲ ማለት ግን ይኸው ነው።

የተለየ አስተያየት ያለው በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።