በጋና የገንዘብ ኖት ላይ ስለ ተሣሉት ስድስት ሰዎች

አንድ መንግሥት በገንዘቡ ላይ የማንን መልክ እንደሚያትም ሲቈርጥ፥ ለሕዝቡ ታሪክ መጻፉ ነው፤ ገንዘብ መጽሐፍ ወዳልገባበት ቤት ሁሉ ይገባልና። ስለዚህም የጋና መንግሥት በዚህ ነገር ያለፈበት መንገድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ጋና በ1957 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ነፃ ስትወጣ መሪዋ ክዋሜ ንክሩማ ነበሩ። በ1958 በወጣው ሳንቲም፥ ኋላም በ1965 በወጣው የሲዲ ኖት ላይ መልካቸው ታተመ። በ1966 ወታደሮች መንግሥታቸውን ገለበጡ፤ በ1967 ኖቱ ተለወጠ፥ መልካቸውም ከገንዘቡ ጠፋ።

በ2007 ዓ.ም. ዐሥር ሺህ አሮጌ ሲዲ በአንድ አዲስ ሲዲ ሲለወጥ ግን ስድስት ሰዎች በአንድነት ተሣሉ፤ እነርሱም ንክሩማ፥ ዶክቶር ዳንኳ፥ ኦቤትሴቢ ላምፕቴ፥ አኮ አጄ፥ ኦፎሪ አታና አኩፎ አዶ ናቸው። እነዚህን በ1948 ዓ.ም. ስለ አክራ ሁከት የእንግሊዝ አገዛዝ በአንድነት አስሯቸው ነበር።

ሥዕሉን የሚያይ እንግዳ እስከ ሞት ድረስ በፍቅር የኖሩ ወንድማማቾች ይመስሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ንክሩማ ለማኅበሩ ጸሐፊነት ከእንግሊዝ አገር እንዲጠሩ ያሳሰቡት አኮ አጄ ነበሩ። በ1962 በኩሉንጉጉ በንክሩማ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ እኒሁ ሰው በክህደት ተከሰው ታሰሩ። ከዳኞቹ አንዱ አኩፎ አዶ ነበሩ፤ ችሎቱም አኮ አጄን ነፃ ናቸው አለ። ንክሩማ ፍርዱን አፈረሱት፤ አኩፎ አዶም ከዳኝነት ወንበራቸው ተሻሩ። ኦቤትሴቢ ላምፕቴ በ1963 እስረኛ ሳሉ ዐረፉ። ዶክቶር ዳንኳም በ1965 በንሳዋም ወኅኒ ቤት ያለ ፍርድ ታስረው ሳሉ ሞቱ።

እንግዲህ አሳሪና ታሳሪ በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ቆመዋል። ይህን ሐሰት ነው የሚል ሰው ቢገኝ አያስደንቅም። ነገር ግን የአንዱ መልክ ብቻ የነበረበት ኖት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲቆይ፥ የስድስቱ ኖት ተፎካካሪ ፓርቲዎች እየተፈራረቁ ሲገዙ ሳይነካ ኖሯል። በ2010 ንክሩማ የተወለዱበት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ እርሳቸው ብቻ ያሉበት የሁለት ሲዲ ኖት ወጣ፤ ሌሎቹ ግን አልተነሡም። በ2019 በወጡት የመቶና የሁለት መቶ ሲዲ ኖቶችም ላይ ስድስቱ አሉ። ፍቅራቸውንም ጠባቸውንም ለተማሪው የሚያስረዳ መምህር ካለ፥ ሥዕሉ ሐሰት አይሆንም።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነገር ነው። የስድስቱን ዝርዝር ያወጣው የጋና ሕዝብ ሳይሆን የእንግሊዝ የእስራት ትእዛዝ ነው። ሁከቱ የተነሣው በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948፥ ለእንግሊዝ የተዋጉ የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታቸውን ይዘው ወደ አገረ ገዥው ሲሄዱ፥ እንግሊዛዊ የፖሊስ ሹም ተኵሶ ሦስቱን ስለ ገደለ ነበር። ሟቾቹም ሳጅን አጄቴ፥ ኮርፖራል አቲፖና ወታደር ኦዳርቴ ላምፕቴ ናቸው። ከእስር የተፈቱት በኖቱ ላይ ሲሣሉ እነዚህ ቀሩ። በ2017 የጋና ባንክ ከስድስቱ ያልሆኑትን መምህር ጄምስ አግሬን በመታሰቢያ የአምስት ሲዲ ኖት ላይ አትሟልና፥ ለሦስቱ ወታደሮችም ቦታ ማግኘት የሚሳነው አይደለም።