ሄዶ ለመመለስ

ባለፈው ጽሑፌ ከወር ደመወዝ ላይ ጥቂት ጥቂት እየቆጠቡ አገር ማየት ይቻላል ብዬ ነበር። አንዳንድ አንባቢዎች፣ «ወሬ ነው እንጂ አስተማሪ በየትኛው ገንዘቡ ውጭ አገር ይሄዳል?» ሲሉ ጻፉልኝ። እንግዲህ ነገሩ ወሬ አለመሆኑን ለማስረዳት፣ በክረምቱ ዕረፍት ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአውቶቡስ ያደረግሁትን ጉዞ ላጫውታችሁ። ነገር ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጽፍ ያሰብሁት ስለ መንገዱ ነበር፤ ብዕሬ ግን አብሮኝ ወደ ተቀመጠው መንገደኛ እያመራ አስቸገረኝ።

የጀርባ ሻንጣዬ ቀላል ነበረ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ አንዲት የስዋሂሊ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍና እናቴ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ ነው የያዘው። ፓስፖርቴንና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴን በውስጥ ኪሴ አድርጌ በየጊዜው እዳስሳቸው ነበር። እናቴ ስትሸኘኝ፣ «ልጄ፣ ምን አጥተህ ነው?» አለችኝ። «ምንም አላጣሁም እማዬ፤ ለማየት ነው» አልኋት። እርሷም ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች።

አውቶቡሳችን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣ። እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የፈጸምነው በሁለት ቀን ነው። ሻሸመኔ ስንደርስ ከአጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ወረዱና በቦታቸው አንድ ልጅ ተተካ። ዕድሜው ከ17 የሚያልፍ አይመስለኝም። ዕቃው አንድ ጥቁር ፌስታል ብቻ ነው። ከማስተምራቸው የ10ኛ ክፍል ልጆች መካከል ቢቀመጥ ማንም አይለየውም ነበር።

ከሐዋሳ ወዲያ ወደ ጌዴኦ አገር ሲገቡ ዓይን የሚያርፍበት አያጣም። ትልልቁ ዛፍ እንሰቱን ያስጠልላል፤ በእንሰቱ ሥር ደግሞ ቡናው ይበቅላል። ይህ የእርሻ ጥበብ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የአስተማሪነት ልማድ አይለቅምና ይህንኑ ለልጁ አስረዳሁት። እርሱም፣ «እንሰትማ በእኛም አገር አለ» አለኝ። የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነው። ዳቦ ቆሎ አካፈልሁት። ጥቂት ቆይቶ ሻንጣዬን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለደላላው ስንት ከፈሉ?»

«የምን ደላላ?»

«ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚያሻግረው ነዋ!»

እኔ የምሄደው ናይሮቢ ድረስ እንደሆነና ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደምመለስ ነገርሁት። ሥራ አግኝቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አገሩን ለማየት ብቻ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ በመስኮት ሲመለከት ቆየ። በኋላም፣ «ሄዶ ለመመለስ ነው ይህ ሁሉ ድካም?» አለኝ። የእናቴ ጥያቄ በሌላ አፍ ተመልሶ መጣብኝ።

ያቤሎ አደርን። እራት ስንበላ አስተማሪነቴ እንደገና ተነሣና የማውቀውን ሁሉ ዘረዘርሁለት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ወገኖቻችን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ የ27 ሰዎች ሬሳ ተጥሎ ተገኝቷል። ይህን ከሰማ በኋላ ደንግጦ ይመለሳል ብዬ ነበር። ልጁ ግን እንጀራውን እየጠቀለለ፣ «ይህንንማ ሰምተናል ጋሼ» አለኝ። «በእኛ ሰፈር ድንኳን የተጣለላቸው አሉ። ነገር ግን ቆርቆሮ ቤት የሠራውም፣ እህቱን የዳረውም በዚሁ መንገድ የሄደው ነው።»

አባቱ መሬታቸውን በወለድ አግድ አስይዘው ለደላላው ግማሹን ከፍለዋል። የቀረው ልጁ ሲደርስ ሠርቶ የሚከፍለው ነው። «አሁን ብመለስ መሬቱን ማን ያስለቅቅልናል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ደመወዜን በልቤ አባዝቼ ብመለከተው የመሬቱን ጫፍ እንኳ አይነካም። ምክር መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህም ነው ሁላችን ለመምከር የምንፈጥነው።

ከዚያ የስዋሂሊውን መጽሐፍ አይቶ ጥቂት ቃላት እንድጽፍለት ለመነኝ። ከፌስታሉም የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሩን አወጣ። እኔ ግን አመነታሁ። ብጽፍለት ጉዞውን የመረቅሁለት ያህል ሆነብኝ፤ ብከለክለው ደግሞ መሄዱ ላይቀር አፍ የሌለው ሆኖ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔ ጻፍሁለት። «ማጂ፣ ውሃ። ዳክታሪ፣ ሐኪም። ኒሳይዲዬ፣ እርዳኝ።» ከሥሩም የስልኬን ቁጥር አከልሁበት። ልጁ ቃላቱን እንደ ትምህርት ቤት ጥናት ደጋግሞ አነበነባቸው።

በማግሥቱ የቦረናን ሜዳ አቋረጥን። ቀይ ኩይሳው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በየቦታው ቆሟል፤ ግመሎቹም በግራር ሥር ይታያሉ። ሜጋን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አውቶቡሱ በአንዲት ትንሽ መንደር ቆመ። በሞተር ብስክሌት የሚጠብቅ ሰው ነበር። ልጁ ፌስታሉን አንሥቶ፣ «በሰላም ይመለሱ ጋሼ» አለኝ። «አንተም» ልለው ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ደረቀ። ሞያሌ እስክንገባ ድረስ በአጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ሞያሌ ሁለት ናት፤ አንዷ የእኛ፣ አንዷ የኬንያ። ወሰኑ በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል የተጀመረ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ከነጻይቱ ኬንያ ጋር በተደረገ ውል የጸና ነው። የቦረና ሕዝብ ግን በወዲህም በወዲያም ይኖራል፤ ቋንቋውም አንድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱ መንግሥታት ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው መንገደኛን ያስተናግዳሉ። እኔም የመውጫውንና የመግቢያውን ማኅተም በተራ አስመታሁ። ሁሉም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ያ ልጅ በዚያች ሩብ ሰዓት በየትኛው ቁጥቋጦ ውስጥ ይሆን እያልሁ አሰላሰልሁ።

በማግሥቱ ንጋት ወደ ኬንያው አውቶቡስ ስሳፈር ረዳቱን ሰዓት ጠየቅሁት። «ሳ ኩሚ ና ሞጃ» አለኝ፤ ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ነው ማለቱ ነው። ስዋሂሊዎች ሰዓትን እንደ እኛ አድርገው እንደሚቆጥሩ በመጽሐፍ ባነብም በጆሮዬ ስሰማው ደስ አለኝ። መኪናው በግራ በኩል መሄዱን ግን እስከ ማርሳቢት ድረስ አልለመድሁትም። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ መንገደኛ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቀናት የሚፈጅበት ነበር፤ አሁን አስፋልት ነው። በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ጥቁር ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ከዚያ በኋላ የማርሳቢት ተራራ አረንጓዴ ሆኖ፣ ደመና ለብሶ ከበረሃው መካከል ብቅ ሲል ዓይንን ያስደንቃል።

በየኬላው እየወረድን ወረቀታችንን አሳየን። ከኬላዎቹ በአንዱ ጥቂት ወጣቶች በዛፍ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ፖሊስ ሲጠብቃቸው አየሁ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ያገሬ ልጆች መሆናቸውን ከፊታቸው ለየሁ። ፌስታል የያዘ ልጅ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም። ናንዩኪ አጠገብ የምድርን ወገብ ስናቋርጥ ሌሎቹ መንገደኞች ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። እኔ ግን ሦስቱን ቃላት በትክክል ጽፌለት እንደሆነ በልቤ እቆጥር ነበር።

ስለ ናይሮቢ በሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ማኅተም ተመለስሁ። እናቴ በር ላይ ስትቀበለኝ ምን ይዤ እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ መምጣቴ በቃት።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የአፍሪካን ካርታ ሰቅዬ ተማሪዎቼን ከሆሳዕና እስከ ዮሐንስበርግ ስንት ወሰን እንደሚያቋርጥ አስቆጠርኋቸው። ከዚያም በዚህ መንገድ የሄደ ዘመድ ያለው እጁን ያንሣ ብል ግማሽ ያህሉ አነሡ። ይህን ሁሉ ጊዜ ካርታ ሳስተምር ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ቆጥቡና አገር እዩ ያልሁትን አልሽርም። መንገዱ ለሁላችን አንድ ነው፤ እኔን ቱሪስት ያሰኘኝ በኪሴ ያለው ፓስፖርትና የሚጠብቀኝ ደመወዝ ነው። በአውቶቡስ እንዲህ ያለ ልጅ አጠገባችሁ ቢቀመጥ፣ አስፈሪውን ወሬ ከመንገራችሁ በፊት ዕዳው ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ምናልባት ከእኔ የተሻለ መልስ ታገኙ ይሆናል።

ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ሲጮኽ ትምህርት አቋርጬም ቢሆን አነሣለሁ። እስካሁን እርሱ ሆኖ አልተገኘም።