ጠባዩን የቀየረ ውሻ

በቅርቡ አንድ ማለዳ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው «ሲስተር፣ እባክዎ ውሻችንን ይዩልን፤ ጉሮሮው ላይ አጥንት ሳይሰነቀርበት አልቀረም» አሉኝ።

ሄድኩ። ሰው ሲመጣ ግቢውን በጩኸት የሚያናውጠው ውሻ ጥግ ይዞ ተኝቷል። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሏል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ጎረቤቴ አጥንቱን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ አፉ ሲሰዱ ጮኬ አስቆምኳቸው። በሩን ዘግተን የእንስሳት ሐኪም ጠራን።

የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ነው። ዝም ብሎ የሚመጣም ዓይነት አለ። ውሻው ይደበታል፤ ይደበቃል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ መንጋጋው ስለሚዝል መዋጥ ያቅተዋል። ተናካሹ ድንገት ለማዳ፣ ለማዳውም ቁጡ ሊሆን ይችላል። ላምም ያለወትሮዋ እየጮኸች ለሃጯን ስታዝረበርብ «የሆነ ነገር አንቋት ነው» ብሎ እጅን ወደ አፏ መስደድ አደገኛ ነው።

እንስሳ «አመመኝ» አይልም፤ የሚናገርለት ጠባዩ ነው። ሐኪሙም አስቀድመው የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ? ይበላል? ይጠጣል? ማንን ነከሰ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ የ10 ዓመቱ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ከሁለት ቀን በፊት ቁራሽ ሲሰጠው ጣቱን ነክሶት ነበር። ቁጣ ፈርቶ ደብቆናል።

ውሻው ሞተ፤ ምርመራውም የፈራነውን አረጋገጠ። ልጁ ግን በዚያው ቀን ክትባት ጀምሮ ዛሬ ደህና ነው።

ልጅዎ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ቡናም ሆነ ሌላ ነገር አይነስንሱበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጸበል ወይም የባህል መድኃኒት ብለው ክትባቱን አያዘግዩ፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ውሻውን ገድለው አይጣሉት፤ ሳይነኩ ዘግተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰ በኋላ 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም። ቢሆንም 10ሩ ቀን እስኪሞላ ክትባት ሳይጀምሩ አይጠብቁ፤ ይቁም ወይም ይቀጥል የሚለው የጤና ባለሙያው ነው።

የቤት ውሻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ። ከሁሉም በላይ ግን ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ «ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ንገሩን፤ ማንም አይቆጣችሁም» በሏቸው። ቃላችሁንም ጠብቁ።