ሽማግሌ ከደም በፊት ይጠራ

ልጅ የሚያድገው በእናትና በአባቱ ቤት ብቻ አይደለም፤ መንገዱም፣ ሜዳውም፣ ባልንጀራውም ያሳድጉታል። ቤቱ መልካም ቢመክረውና መንገዱ ክፉ ቢያስተምረው፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን፣ ጐረምሶች ተቧድነው ደም ከመፋሰሳቸው በፊት ወላጅና ማዘጋጃ ቤት ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው ለማሳሰብ ወደድን።

ምሳሌያችንን ከሮቢት እንወስዳለን። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ምድሩ ማሽላና ጤፍ የሚሰጥ ለም ሜዳ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር የጐረምሳ ጠብ በጐረምሶቹ መካከል አይቀርም። አንዱ ሌላውን የገደለ እንደ ሆነ ደሙ በዘመድ ሁሉ ላይ ይወድቃል፤ ወንድም ስለ ወንድሙ፣ ያጐት ልጅም ስላጐቱ ልጅ ይፈለጋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጦርነት ቆቦንና ሮቢትን ባገኘ ጊዜ የጦር መሣሪያ በሰው እጅ በዛ፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ደብተሩን ያስቀመጠ ልጅና በጓዳ የተሰቀለ ጠመንጃ በአንድ ጣራ ሥር ሲገኙ፣ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ራያ ደምን የሚያደርቅበት የቆየ ጥበብ አለው። ዘወልድ የሚባለው የሽማግሎች ሥርዓት የገዳይንና የሟችን ወገን ያስታርቃል፤ በቀልንም ያስቀራል። ይህ ሥርዓት የተከበረ ነው፤ ሆኖም የሚጠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የሟች እናት እርቁን ብትቀበልም ልጇ አይመለስላትም።

መንግሥትም በሕግ ሁለት መንገድ አሳይቷል። በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቶች ሥራ እንዲከፍቱበት 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቋመ። ነገር ግን ቅጣቱ የሚደርሰው ጥፋቱ ከታየ በኋላ ነው፤ ፈንዱም የተመደበው ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉት ነው። ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር ተቧድኖ በማታ መዞር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ዕድሜ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ በመካከል ያሉትን ዓመታት ማን ይጠብቃቸዋል?

በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ ይህን ጥያቄ በገንዘቡ ሊመልስ ሞክሯል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2007 ከንቲባው ለዚሁ ጉዳይ የተለየ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት በሙቀቱ ወራት የሕዝብ መናፈሻዎች ከመሸም በኋላ መብራት በርቶላቸው፣ ጨዋታና ምግብ ተዘጋጅቶላቸው ክፍት እንዲሆኑ ተደረገ። ከዚህም በላይ በየሰፈሩ የሚታመኑ ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ተኩስ በተሰማ ጊዜ በቀል እንዳይከተል ወደ ወጣቶቹ ይሄዳሉ። ከእነዚህም ሰዎች ብዙዎቹ ቀድሞ ከወሮበሎች ጋር የነበሩና የተመለሱ ናቸው።

ይህን ያነበበ የራያ ሰው ነገሩን እንግዳ አይለውም፤ አስታራቂ ሽማግሌ በአገሩ ሞልቷልና። የጐደለው ጊዜው ብቻ ነው። የከተማ ማዘጋጃ ቤት ከሚሰበስበው ግብር ጥቂቱን ከፍሎ አንድ የኳስ ሜዳ ቢያስተካክል፣ በማታ መብራት ያለው የንባብ ክፍል ቢከፍት፣ ልጆች የሚሰሟቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች በደመወዝ ቢቀጥር፣ ወጪው አንድ ደም ከሚያጠፋው ቤትና እርሻ ያንሳል። ሽማግሎቹም ለእርቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት የልጆች ቡድን መዛዛት እንደ ጀመረ ቢጠሩ ሥርዓቱ ይከብራል እንጂ አይዋረድም።

ከወላጆች የሚጠበቀው ደግሞ ገንዘብ አይደለም። አባት ጠመንጃውን ቈልፎ ያስቀምጥ፤ ልጁ በማታ ከማን ጋር እንደሚውልና እንደሚያመሽ ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አባት ይሁን። እናቶችና እኅቶችም ቃላቸው ኀይል እንዳለው ይወቁ። «ወንድ ነው፣ አይነኬ ነው» እየተባለ የተወደሰ ልጅ ውዳሴውን ለማጽናት ሲል ይገድላል፤ ተቈጥቶ እጁን የሰበሰበው ልጅ በእናቱ አፍ «ጀግና» ቢባል ግን ጓደኞቹም ይሰሙታል።

በቀልን የተወ ፈሪ አይደለም። ልጆቻችን ይህን ከእኛ አፍ ይስሙት፤ ዘግይቶ ከመቃብር አጠገብ የሚሰሙት ምክር ለሞተው አይጠቅመውምና።